ውሃ የጠጣው መስመር

ናይሮቢ ለትምህርት የሄድኩ ሰሞን የገዛሁት ርካሽ ስኒከር ተረከዜን ልጦት ነበር። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ኪሊማኒ ሰፈር ወደተከራየኋት አንዲት ክፍል መመለሱ አስጠላኝ። እዚያ የሚጠብቀኝ አልጋና ግድግዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሩጫ ሜዳ ገባሁና እያነከስኩ መዞር ጀመርኩ።

ሜዳውን የሚንከባከቡት አዛውንት ነበሩ። ሁሉም «ምዜ» ነው የሚላቸው፤ ሽማግሌ ማለት ነው። የውሃ ጎማቸውን ጥለው መጡና አገሬን ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ዓይናቸው ወደ እግሬ ወረደ።

«ፖሌ ሳና፣ ቢንቲ» አሉ፤ አይዞሽ ልጄ እንደማለት። «የሯጭ እግር ችኮላ አይወድም። ይድናል።»

እኔ በሕይወቴ የሮጥኩት አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሲል ብቻ ነው። ላርማቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ያ ከመጣሁ ሦስተኛ ወሬ ነበር፤ በሦስት ወር ውስጥ ስለ እኔ የተጨነቀ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ መሄድ ሆነ። በስዋሂሊም ሰዓት እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጠረው። ቀኑን ሙሉ በፈረንጅ ሰዓት ስባዝን እውልና ከእሳቸው ጋር ስገናኝ አስራ አንድ፣ አስራ አንድ ነበር። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ሰውን እንዲህ ያስደስታል ብዬ አላስብም ነበር።

ከጎኔ እየተራመዱ የሜዳውን ታሪክ ይነግሩኛል። መጀመሪያ የላም ግጦሽ ነበር። ቀጥሎ ፈረንጆቹ መምህራን ሆኪ የሚጫወቱበት ሣር ሆነ። የእንጨቱን የተመልካች መቀመጫ ምስጥ በልቶት በስሚንቶ ተተካ። ቀዩ ገረጋንቲ በጭነት መኪና ሲመጣ እሳቸው ገና ጎረምሳ ነበሩ፤ በአካፋ በትነው ስምንቱን መስመሮች በሲባጎና በኖራ አሰመሩ። በየዓመቱ ዝናብ ያጥበዋል፣ በየዓመቱ እንደገና ያሰምሩታል። ይህ ሁሉ የተጻፈበት ወረቀት መኖሩን እንጃ።

ለእግሬ እንዲለሰልስ ብለው አንደኛውን መስመር ውሃ ያጠጡልኝ ጀመር። ተረከዜ በሳምንቱ ድኖ ነበር። እኔ ግን ማነከሴን ቀጠልኩ፤ አንዳንድ ቀን የትኛው እግሬ እንደነበር ራሱ ይጠፋኛል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ እያደር ከበደ።

በዓመቱ ገረጋንቲው ተነሥቶ የጎማ መም ሊነጠፍ ሆነ። ምዜም በዚያው ጡረታ ሊወጡ ነው።

«የመጨረሻውን ዙር የምትሮጪው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ዓርብ አስራ አንድ ሰዓት። ቅዳሜ ትራክተሩ ይገባል፤ እኔም በሌሊት ተነሥቼ ወደ አገር ቤት እሄዳለሁ።» ከኪሳቸው መስታወቱ የተሰነጠቀ የሩጫ ሰዓት አውጥተው አሳዩኝ።

ዓርብ አልሄድኩም። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሰዓቴን አየሁ። አስራ አንድ ሆነ። አስራ ሁለት ሆነ። ሮጬ ከምዋረድ፣ እውነቱን ተናግሬም እሳቸውን ከማጣ፣ መቅረት ይሻላል አልኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት እግሬ ራሱ ወሰደኝ። የበሩ ዘበኛ ሲያየኝ ራሱን ነቀነቀ።

«ምዜ እስኪመሽ ጠበቁሽ። ‹እግሯ ብሶባት ይሆናል› ብለው አዝነው ሄዱ።»

ገባሁ። ሰባቱ መስመሮች ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። አንደኛው ብቻ ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ግራና ቀኙ በአዲስ ኖራ ተሰምሯል። በማግስቱ ለሚፈርስ ሜዳ! የማንም ዱካ አልነበረበትም።

ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀምጬ ሮጥኩ። ግማሽ ላይ ትንፋሼ አለቀ፣ ጎኔን ወጋኝ፤ የቀረውን እየተንገዳገድኩ ጨረስኩት። ሰዓት የሚይዝልኝ አልነበረም።

የትራክተሩ ሹፌር ሻዩን እንደያዘ ሲያየኝ ቆይቶ ከየት አገር እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሻዩ እስኪፈስ ሳቀ።

«እንዲህ የምትሮጥ ኢትዮጵያዊት ገና ዛሬ አየሁ!»

እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ዓመት ሙሉ የፈራሁት ይኸው ነበር ለካ። ከምዜ ጋር ልንስቀው ይገባ የነበረ ሳቅ ነው፤ ትናንት፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ።