ታማ ያልጠየቃት ባንክ

ዘሊካ ከወባው ከተነሳች ወዲህ አላስቀምጥ አላስቆም ብሏታል። ሱዳን ውስጥ ባሕሪ በሚባለው ከተማ በተከራየችው አንድ ክፍል ቤት ቀሚስ መስፋት ትጀምርና ትተወዋለች፤ በሩን ከፍታ ታያለች፤ መልሳ ትዘጋለች። እንዲህ ያንገበገባት ባንኩ ነው።

የስፌት መኪናዋን የገዛችው በባንክ ብድር ነው። ዋስ የሆነቻት የአገሯ ልጅ ሀኒፋ ናት፤ ዐማራት በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ያኔ የባንኩ ሰው ከየወሩ ክፍያ ላይ ጥቂት ታካፉል ለሚሉት መድን እንደሚቆረጥ ነግሯት ነበር። «ብትታመሚም ብትሞቺም ታካፉሉ ከጎንሽ ነው» አላት። የወሎ ልጅ ይህን ስትሰማ ምን ትበል? ቅሬ ነው አለች። አገሯ ላይ ሰው ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚቀብረው ቅሬው ነው፤ ሱዳኖቹም የራሳቸው አላቸው ማለት ነው ብላ ደስ አላት። እንዲያውም «የባንክ ቅሬ ገባሁ» እያለች ጎረቤቶቿ ላይ ትንሽ ሳትኮራ አልቀረችም።

ወባ ሲጥላት ሀኒፋ ከሥራ በወጣች ቁጥር አጥሚት ይዛ እየመጣች አስታመመቻት። ዘሊካ ግን ትኩሳት እያንቀጠቀጣት ዓይኗ በር በሩን ነበር። ደህናውን ወንበር ለባንኩ ሰዎች ብላ ማንንም አላስቀምጥበት አለች። ከባንኩ ግን ዝር ያለ ሰው የለም።

ስለዚህ ዛሬ መድኑን ልታሰርዘው ነው። የተሳፈረችበት ሐፍላ፣ የከተማው አውቶቡስ፣ ድልድዩ ላይ መኪና ተጨናንቆበት ሲቆም፣ ወርዳ በእግሯ ልትሄድ ተነሳች፤ ሾፌሩ ተቆጣትና ተቀመጠች።

ባንኩ ውስጥ ሂሻም የሚባል ወጣት ተቀበላት።

«ታካፉሉን ሰርዝልኝ» አለችው ሰላምታም ሳታስጨርሰው።

«ምነው ኡኽቲ፣ ምነው እህቴ?»

«ታምሜ ከእናንተ ማን ብቅ አለ?»

«መታመምሽን ነግረሽናል እንዴ?»

«የታመመ ሰው ነው እንዴ ‹ኑ ጠይቁኝ› እያለ የሚዞረው? እናንተ ናችሁ እንጂ ሰምታችሁ የምትመጡት!»

ሂሻም ሳቁ መጥቶበት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ዋጠው። ጨዋ ልጅ ነው። ቀስ ብሎ አስረዳት፦ መድኑ ሰው ቤት አይሄድም፤ በሕመም መሥራት ካቃታት ወይም ከሞተች የቀረውን ብድር ይከፍልላታል። መሰረዝ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ብትሞት ግን ዕዳው ዋሷ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዋሷ መጥታ መፈረም አለባት።

ዘሊካ ከዚህ ሁሉ የሰማችው «መሰረዝ ይቻላል» የሚለውን ነው። የተናደደ ሰው ጆሮው የሚፈልገውን ይመርጣል። ስልኳን አውጥታ ሀኒፋ ጋ ደወለችና «ቶሎ ድረሽልኝ» አለቻት።

ሀኒፋ አሠሪዋን መዳም ለምና፣ እጇ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ከተፍ አለች። ሂሻም ለእሷም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት፤ በመጨረሻም «እሷ ብትሞት የቀረውን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ፤ ተስማምተሻል?» ሲል ጠየቃት።

ዘሊካ ነገሩ አሁን ገና ገባት። የሀኒፋን ደመወዝ ታውቃለች፤ ኮምቦልቻ ያለው ልጇ የሚበላውም የሚማረውም በዚያው ነው። ከንዴቷ ምንም የቀረ አልነበረም፤ ደነገጠች።

ሀኒፋ ግን ለአፍታም አላመነታችም። «የቱ ጋ ነው? ያላ፣ ቶሎ በል፣ መዳም ትጮህብኛለች» ብላ እስክሪብቶውን አነሳች።

ዘሊካ እጇን ለቀም አደረገቻት። «ተይ! አልሰርዝም። ይቅር።»

«ምን ሆነሻል? ከሥራዬ ጠርተሽኝ!»

«ብሞት አንቺ ላይ ይወድቃላ! አልሰማሽውም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ዝም ብለሽ ትፈርሚያለሽ?»

ሀኒፋ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ለመናገር አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት።

«አንቺ ከሞትሽ በኋላ» አለች፣ «የሚያስጨንቀኝ ዕዳው መሰለሽ? እዚህ አገር ማን አለኝ?»