ፎንቆ ገበያ ላይ የተነበቡት ወረቀቶች

ሰሞኑን ትምህርት ቤት ሲዘጋ የጎረቤቴ ልጆች ያለቁ ደብተሮቻቸውን ግቢያቸው ውስጥ ከምረው ሲያቃጥሉ ጭሱ በመስኮቴ ገባ። የወረቀት ጭስ እንደ ቅጠል ጭስ አይደለም፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ጎምዛዛ ነገር አለው። መስኮቱን ልዘጋ ተነሥቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ሆሳዕና ያለው ቤቴ ከፊቴ ጠፋና የደርግ ዘመን ልጅ ሆኜ ፎንቆ ገበያ መሀል ተገኘሁ።

አያቴ በሌሞ የታወቁ ባላባት ነበሩ። እኔ አልደረስኩባቸውም፤ ቤታቸው ላይ ግን ደርሻለሁ። ክዳኑ እንደ ኮረብታ ከሩቅ የሚታይ፣ ጓሮው ከእንሰቱ ብዛት የተነሣ በቀትር የሚጨልም ትልቅ የሣር ቤት ነበር። ቆጡ ላይ በላም ቆዳ የተለበጠ ሣጥን ተቀምጧል። የቤተሰቡ ወረቀቶች፣ የርስት ክርክር ውሳኔዎች፣ የግብር ደረሰኞች፣ ማኅተማቸው የጠቆረ ውሎች ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ። የሣጥኑ ጠባቂ የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ታደለች ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ክረምቱ ሲወጣ ግን ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች፤ እኛ ልጆቹም ዶሮ እንዳይረግጣቸው አርጩሜ ይዘን እንጠብቃለን። ጎረቤቱ ሁሉ ገብስ ሲያሰጣ እኛ ወረቀት እናሰጣ ነበር።

የመሬት አዋጁ ሲወጣ መሬቱ ሄደ። አክስቴ አላለቀሰችም። አባቷ መልአክ እንዳልነበሩ ታውቃለች፤ «ያረሰው ይብላው» ብላ ተወችው። ወረቀቱን ግን የምትተው አልሆነችም። አንድ ቀን አባቱ የአያቴ ጭሰኛ የነበሩት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ኤርጃቦ፣ ከከተማ የተላከ ካድሬ አስከትሎ ደጃችን ቆመ።

«እትዬ ታደለች…» ብሎ ጀመረና አብዮቱ ትዝ ሲለው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ ታደለች፣ የፊውዳል ሰነዶቹ በገበያ ቀን በሕዝብ ፊት ይቃጠላሉ።»

«እናንተ አትነኩትም፤ እኔው አመጣዋለሁ» አለችው።

አመጣችው። ሣጥኑን በፈረስ ጋሪ ጭና ገበያው መሀል አወረደችና ተቀመጠችበት። ካድሬው ስለ አድኃርያን ረጅም ንግግር አደረገ፤ አማርኛው የከበደው ሕዝብ «ምን አለ?» እያለ በሀዲይኛ እርስ በርሱ ይጠያየቃል። ንግግሩ አልቆ ለማቃጠያ የተከመረው ገለባ ሲለኮስ አክስቴ በሀዲይኛ ጮኸች።

«የምታቃጥሉትን ሳታውቁ ነው የምታቃጥሉት? መጀመሪያ ይነበብ!»

«ይነበብ!» አለ ሕዝቡ።

ሣጥኑን ከፍታ ከላይ ያለውን ክምር ለእኔ ሰጠችኝ፤ ከቤታችን ያኔ ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሩቅ የመጣ ሹም የመንደሩን ግጦሽ ሊወስድ ሲነሣ አያቴ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቆመው የተከራከሩበት ፋይል ነበር። የተከራካሪዎቹን ስም እየጠራሁ ስወርድ፣ አንድ ሽማግሌ «አባቴ ነው!» አሉ። ቀጥሎ አንዲት ጨው ሻጭ የአያቷን ስም ሰማች። ሊያቃጥል የመጣው ሕዝብ የአባቱን ስም ለመስማት ይጋፋ ጀመር። ሱጌቦ የሚለው ላይ ስደርስ ኤርጃቦ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ድገሚው፣ ልጄ» አለኝ ቀስ ብሎ። አባቱ ነበሩ።

ስደግመው ካድሬው ወረቀቶቹን ከእጄ ነጥቆ እሳቱ ውስጥ ወረወራቸው። ሕዝቡ ወደ እሳቱ ሲተራመስ ኤርጃቦ ሣጥኑን ዘግቶ ጋሪው ላይ ሲመልሰው አየሁ። ያልተነበቡት ተረፉ፤ የተነበቡት ዐመድ ሆኑ።

አክስቴን ወሰዷት። ከወራት በኋላ ከእስር ስትወጣ ጸጉሯ ነጥቶ ነበር። ኤርጃቦ ቤቱ ውስጥ ደብቆ ያቆየውን ሣጥን ራሱ ተሸክሞ አመጣላት።

«እትዬ፣ አይቆጭዎትም?» አላት።

«ይቆጨኛል እንጂ! የአባቴን ወረቀት በሰው አፍ ማስነበቤ ይቆጨኛል።»

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ፊት ወንበር ላይ ቀድማ የተቀመጠች እሷ ነበረች። ወረቀቷን ያቃጠለው መንግሥት ፊደል አስቆጠራት። ወጣቱ አስተማሪ «የአብዮቱ አርአያ» ብሎ በሕዝብ ፊት ሲያመሰግናት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ምስክር ወረቀቷን በተቀበለች ማግሥት ሣጥኑን ከፍታ፣ እንደ ልጅ በጣቷ እየተከተለች፣ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። በአጥራችን ሥር የሚያልፍ ሁሉ እንዲሰማት ፈልጋ ነበር።

ዛሬ አክስቴም ኤርጃቦም የሉም። ትልቁ ቤት ፈርሶ በቦታው የቆርቆሮ መጋዘን ቆሟል። ቤቱን እንጂ መሬቱን አልናፍቅም። የሚያንገበግበኝ የዚያ ክምር ነገር ነው። ከመቃጠሉ በፊት ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼም ነበር፤ አብዛኛው ስም ከእኔም ጠፍቷል። የቀሩኝን ግን በሕይወት እስካለሁ የሚነጥቀኝ የለም። ሱጌቦ፣ ሀንዲሶ፣ ዋቲሮ፣ ሎቤ። የመንደራቸውን ግጦሽ አናስነካም ብለው ዳኛ ፊት የቆሙ ሰዎች ነበሩ።