«ብላ» ያልኩበት ደብዳቤ

ባለቤቴ የሞተው ዙሪክ ውስጥ፣ በምርመራ እስር ላይ ሳለ ነው። ከሚሠራበት ሆቴል የእንግዳ ዕቃ ጠፋ ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። ክስ እንኳ አልተመሠረተበትም። ስኳር ነበረበት፤ ያለ ኢንሱሊን መርፌ የማይኖር ሰው ነበር።

የጠየቅሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ቀን። ከመጠየቂያ ክፍሉ መስታወት ወዲያ ሆኖ ሳቀብኝ።

«አንቺ ከባቡሩ ትብሻለሽ፤ ከደቂቃው ዝንፍ አትይም።»

«ከሳህ።»

«በሁዳዴ ቺዝ እያቀረቡልኝ እንዴት አልከሳ? እኔ የምበላው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ እነሱ መርፌውን የሚያመጡት በጠዋት። ሳልበላ ብወጋ ራሴን ስቼ እወድቃለሁ። ከሰዓት አምጡልኝ ስላቸው ‹እምቢ አለ› ብለው ይጽፋሉ።»

«ታዲያ በጠዋት ብላ!»

«አንቺ ደግሞ መቼ ቀሰስሽ?» አለና ሳቁን ተወ። «የንስሐ አባታችንን ጠይቂልኝ። እሳቸው ብላ ካሉኝ እበላለሁ።»

ስወጣ በር ላይ ላለው ጠባቂ ልነግረው ቃጥቶኝ ነበር። የባሌን ጾም ለባዕድ ማስረዳት አሳፈረኝ።

ከባቡር ጣቢያው ጄኔቭ ላሉት የንስሐ አባታችን ደወልኩ። «ልጄ፣ ሕመምተኛ ምን ጾም አለበት! ብላ በይው። ቀሪውን እኔ እጾምልሃለሁ ብለዋል በይው» አሉኝ።

ስልክ አይፈቀድለትም፤ ቀጣዩ የመጠየቂያ ቀን ከሳምንት በኋላ ነበር። ከተማው ዳር ኦፕፊኮን ካለው ቤቴ ገብቼ ጻፍኩለት። በአማርኛ። ቪንተርቱር ሆስፒታል ስሠራ ስንት ዓመት ሙሉ በጀርመንኛ ሪፖርት ጽፌያለሁ። የእሳቸው ቃል በጀርመንኛ ቢደርሰው ግን የእሳቸው አይመስለውም ብዬ ሰጋሁ። በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ መጀመሪያ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄዶ እስኪተረጎም እንደሚቆይ አላወቅሁም።

ደብዳቤውን በላክሁ በስድስተኛው ቀን ሞተ። ደብዳቤው ሳይደርሰው ከልብሱና ከመነጽሩ ጋር ተመለሰልኝ፤ ትርጉሙ ተያይዞበታል። ደጋግሜ አነበብኩት። አንድም ስሕተት የለውም። ሁለት መስመር ጀርመንኛ ነው።

እስር ቤቱን የሚያስተዳድረውን ካንቶን፣ የክልሉን መንግሥት፣ ከሰስኩ። ጠበቃዬ ወጣት ሴት ናት፤ ደብዳቤውን አሳየኋት።

«መርፌውን እንዳልጠላ የሚያሳየው ይኸው ብቻ ነው» አለችኝ። «ግን እርስዎም ያውቁ እንደነበር ያሳያል። ለምን ለእስር ቤቱ አልደወሉም ይሉናል።»

«ይበሉ። ያስገቡት።»

ተሸነፍን። ጠባቂዎቹ እምቢታውን በየቀኑ መዝግበዋልና ደንቡን ጠብቀዋል ይላል ውሳኔው። ለምን እምቢ እንዳለ የጠየቀው ሰው ነበር ወይ የሚል ነገር ግን የትም የለም። ወደ መጨረሻው አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ ሚስቱ ምክንያቱን እያወቀች ለእስር ቤቱ አላሳወቀችም።

ጠበቃዬ ይግባኝ እንበል አለች። እሺ አልኩ። ይመለስልኛል ብዬ የምጠብቀው ነገር የለም፤ ‹እምቢ አለ› የሚለው ቃል ስሙ ላይ ተለጥፎ እንዳይቀር ብቻ ነው። ውሳኔው ላይ የምንቃወማቸውን ነጥቦች በእስክሪብቶ እያሰመረች ወርዳ ወርዳ እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ እጇን ያዝኳት።

«እቺን ይተዉልኝ» አልኳት። «እቺ እውነት ናት።»