ሰሌን ያነጠፍኩ ዕለት

ይህ የሆነው አምና ከፋሲካ በኋላ፣ መርሳ ከተማ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ በጠዋት በሬ ሲንኳኳ መጀመሪያ እደነግጣለሁ፤ ቀጥሎ ሳቄ ይመጣል።

መምህርት ነኝ። ከወልድያ ተዛውሬ እትዬ ዘነቡ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ዕቃዬ አንድ የብረት አልጋ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ነው። አንድ ቀን ስልኬ ላይ «ቦሂሚያን» ስለሚባል የቤት ማስዋብ ቪዲዮ አየሁ። ፍራሽ መሬት ላይ፣ ምንጣፍ፣ የተንጠለጠለ ጨርቅ፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን። ልጅቷ «ብዙ ወጪ የለውም» ስትል፣ ይሄማ ለመምህር ደመወዝ የተፈጠረ ነው አልኩ።

ቅዳሜ ከገበያ ሦስት ሰሌን ገዛሁ። አልጋውንና ወንበሮቹን በረንዳ ላይ አወጣሁ። ፍራሼን መሬት ዘርግቼ ዙሪያውን ሰሌን አነጠፍኩ፤ መስኮቱን በጥቁር ሻርፕ ጋረድኩ። የሰሌኑ አቧራ ዓይኔን አቅልቶት፣ ነጠላ ተከናንቤ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብዬ ሥራዬን ሳደንቅ እትዬ ዘነቡ በበሩ ብቅ አሉ። ፍራሹን አዩ፣ ሰሌኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምንም አይደል እትዬ፣ እንዲሁ ነው» አልኳቸው። ስለ ቦሂሚያን ከየት ብዬ ልጀምርላቸው?

ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ቤቱ አስደንቋቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እሑድ ገና ሲነጋጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው ሰባት የሰፈር ሴቶች ተደርድረዋል።

እናቴ ጉባ ላፍቶ ገጠር ነው የምትኖረው። ያን ሰሞን ሳል ጠንቶባት ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ብላት እምቢ ብላኝ ነበር። በማለዳ ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳ ሰው ደግሞ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

«እማዬን!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ ዘነቡ ወደ ሴቶቹ ዞረው «ለካ እናቷ ናቸው!» አሉና ደረታቸውን መቱ። ግቢው በአንዴ ተናጋ። እኔ መርዶ ሊነግሩኝ የመጡ መስሎኝ፣ እነሱ ለብቻዬ ሐዘን የተቀመጥኩ መስሏቸው፣ ተቃቅፈን ተላቀስን። ጎረቤታችን እማማ ሐሊማ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ! ምነው ብቻሽን? እኛ የለንም ወይ?» እያሉ ዕንባዬን ይጠርጉልኛል። አንዷ ንፍሮ ይዛ መጥታለች። ሁላችንም ሰሌኑ ላይ ተቀመጥን፤ በደንብ በቃን።

ለቅሶው ጋብ ሲል እትዬ ዘነቡ «ለመሆኑ መቼ ነው ያረፉት?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቄ? እናንተ ልትነግሩኝ አይደል የመጣችሁት?»

«እኛማ ከየት እናውቃለን? አንቺው ነሽ ፍራሽ አንጥፈሽ የተቀመጥሽው!»

ስልኬን አንስቼ ለእናቴ ደወልኩ። ብዙ ጠርቶ ተነሳ።

«ምነው በጠዋት? ማን ሞተ?» አለችኝ እናቴ እየሳለች።

«አንቺ» አልኳት።

ነገሩን ሳስረዳቸው እትዬ ዘነቡ «አልጋ አውጥቶ ሰሌን፣ ለማማር?» ብለው ተቆጡ። ወዲያው ቁጣው አልሆንላቸው ብሎ ሳቁ። ንፍሮውን እየሳቅን ጨረስነው።

እናቴ ሳምንት ሳይሞላት መርሳ ድረስ መጣች። በቁሜ ያለቀሱልኝን ሰዎች ሳላመሰግን አልቀርም ብላ ነው። እትዬ ዘነቡ ሳሏን እንደሰሙ እኔን እንኳ ሳያማክሩ ባጃጅ ጠሩ።

«ይነሱ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ። አንድ ጊዜ አልቅሼልዎታለሁ፤ አልደግምም» አሏት። እኔን እምቢ ያለች እናት ነጠላዋን አንስታ ተከተለቻቸው። መድኃኒቷን ጨርሳ ሳሉ ለቀቃት።

ፍራሼ አልጋው ላይ ተመልሷል። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ዛሬ ግን አላፍርበትም። በዚያ ግቢ ወራት ተቀምጬ ዞር ብሎ የሚያየኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ሰሌኖቹን ጠቅልዬ ከበሩ ጀርባ አቁሜያቸዋለሁ። እናቴ ስትመጣ እዘረጋቸዋለሁ፤ ከመዘርጋቴ በፊት ግን ለእትዬ ዘነቡ እነግራለሁ።