ከባዱ ማንቆርቆሪያ

ማንቆርቆሪያውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። በሌላ ሰው እንዳላላክክ ከዚህ ልጀምር። ተማሪው ሌላውን ውሰድ ብሎኝ ነበር፤ ሚስቴም አብሬህ ልሂድ ብላኝ ነበር። ሁለቱንም አልሰማሁም።

ፈረንጆቹ ሰባዎቹ የሚሉት ዘመን ነው። ፌርፋክስ የሚባለው መንገድ ላይ ያኔ የሐበሻ ሱቅም ምግብ ቤትም የለም። ከመንገዱ ጀርባ ባሉት አሮጌ አፓርታማዎች ተበታትነን የምንኖር ጥቂት ሰዎች ነበርን። አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ለትምህርት የመጡ ናቸው። እኔና ሚስቴ ግን አሜሪካኖች ቤት ወጥ ሠሪና ገረድ ሆነን ተቀጥረን፣ እነሱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘውን መጡ። ኋላ ለቀቅናቸው። እኔ ሚድ ዊልሻየር በሚባል ሰፈር የሰው መኪና ፓርክ የማደርግ ሠራተኛ ሆንኩ፤ እሷ ጋርዴና ካለ የልብስ ፋብሪካ ገብታ አምስት ዓመት ልብስ ተኮሰች።

የተኮሰችበት እጅ ነው የከዳት። ቀኝ እጇ መጀመሪያ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ጣቶቿ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀሩ። ፋብሪካው አሰናበታት። ሐኪሙ ብዙ አወራ፤ እኔ የገባኝ አይድንም ያለው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ቤት መዋል ሆነ።

አንድ ቀን ጋዝ ምድጃው ላይ የሻይ ውሃ ጣደች። ለእጇ የምትወስደው መድኃኒት ያደክማታል፣ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ውሃው ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፤ ጋዙ ግን መውጣቱን አላቆመም። ኮሪደር ላይ የሸተታት የሕንጻው ማኔጀር በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች። ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ይህ ነገር ከተደገመ ቤቱን ትለቃላችሁ አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስወጣ ጋዙን ከሥሩ እየዘጋሁ መሄድ ጀመርኩ።

ሚስቴ አኮረፈች። ምሳውን ቀዝቃዛ እበላዋለሁ፣ ሻዬን እንኳ ራሴ አፍልቼ ካልጠጣሁ ምን ቀረኝ አለች። እውነቷን ነው። ቀሚሷን የምቆልፍላት እኔ ነኝ፤ ፀጉሯን የሚሠራላት ሌላ ሰው ነው፤ እንጀራዋን የምቆርስላት እኔ ነኝ። በገዛ እጇ የምትሠራው ነገር ሻዩ ብቻ ነበር የቀራት። እንግዲያው የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ይገዛ ተባለ።

ቅዳሜ ጠዋት ልወጣ ስል ካፖርቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩ ጋ ቆማለች።

"አብሬህ ልሂድ" አለችኝ። "አንዴ በእጄ ልያዘው።"

አንቺ እዚያ ሄደሽ ምን ታደርጊያለሽ፣ ቁጭ በይ አልኳት። የከለከልኳት ለእሷ አዝኜ አይደለም። ያ እጅ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ላንሳ ብሎ ሲንቀጠቀጥ ሰው እንዲያይብኝ አልፈለግኩም። ፈረንጅ ቢያይ ግድ አልነበረኝም፤ ያፈርኩት አብሮኝ የሚሄደውን ተማሪ ነው።

ተማሪው ከኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር ልጅ ነው። መኪና ያለው እሱ፣ ማንበብ የሚችለውም እሱ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ አርባ አምስት ዓመት ካለፈኝ ወዲያ ነው። ያኔ የመጣልኝን ወረቀት ሁሉ ይዤ ወደ እሱ ነበር የምወጣው። ጋሼ ይለኛል፣ አንተም ይለኛል፤ ሁለቱን እንዴት እንደሚያስማማቸው እሱ ያውቃል። አፉን በከፈተ ቁጥር ወሬው ስለ ጭቁኑ ወዛደር ነው። ወዛደሩ እኔ ነኝ፣ በል ንዳ እለው ነበር። ይስቃል። መሳቁም ያናድደኝ ነበር።

ክሬንሾው አካባቢ ወዳለ ትልቅ ሱቅ ወሰደኝ። መደርደሪያው ላይ ካሉት ሁለት ለየን። አንዱ ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ ሦስት ኩባያ ቢይዝ ነው። ሌላው ፊት የሚያሳይ ብረት፣ እጀታው ጥቁር፣ ሆዱ ሰፊ።

እኛ ዕቃ ስንገዛ አንስተን እጃችን ላይ እናመዛዝነዋለን፣ በጣታችን አንጓ ኳ ኳ እናደርገዋለን። ከከበደና ድምፁ ወፍራም ከሆነ ዕቃ ነው። ከቀለለ ቆርቆሮ ነው፣ ዓመት አይሞላም። ድስትም ትሪም እንደዚያ ስገዛ ኖሬ ተሳስቼ አላውቅም። ፕላስቲኩን ሳነሳው ምንም ያነሳሁ አልመሰለኝም። ብረቱን ሳነሳው ክንዴ ወደደው።

ተማሪው ካርቶኖቹን እያገላበጠ አነበበ።

"ጋሼ፣ ይሄ ነጩ ሲፈላ ራሱ ኦፍ ያደርጋል። ብረቱ ግን ውሃው ከግማሽ በታች ከሆነ ይቃጠላል ነው የሚለው። ሶ፣ ለእሷ ቀላሉ ይሻላል።"

ለእሷ ማለቱ ከነከነኝ። የሚስቴን ነገር ከካርቶን ላይ አንብቦ ሊያስረዳኝ ነው አልኩ በሆዴ።

"እሁድ እሁድ ቤቴ ስትመጡ ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት?" አልኩት። "በዚህ መጫወቻ ነው ሻይ የማፈላላችሁ? ውሃ ማፍያ ለመምረጥ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም።"

"ኦኬ ጋሼ፣ ቤቱ ያንተ ነው" አለና ነጩን ቦታው መለሰው።

እሁድ እንግዶቹ መጡ፣ ማንቆርቆሪያውን አደነቁ። አንዷ ፊቷን አየችበትና ነጠላዋን አስተካከለች። ያን ቀን ውሃውን የቀዳሁት እኔ፣ ሻዩን የገለበጥኩትም እኔ ነኝ፤ ይህን ያኔ አላሰብኩትም። ሚስቴን እንዴት ነው አሏት። ገላገለኝ አለች። በየሳምንቱ ሲጠይቋት በየሳምንቱ ገላገለኝ ትላለች፤ እኔም የመረጥኩት እኔ ነኝ እላለሁ።

ሦስት ወር ያህል እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን የፓርኪንጉን አስፋልት ሊያድሱ ዘጉትና ሳይረፍድ ወደ ቤት ተመለስኩ። በሩን ስከፍት ሚስቴ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ማንቆርቆሪያውን በፎጣ ጠቅልላ በጉልበቶቿ መሀል አጣብቃዋለች። በግራ እጇ እያዘነበለች ወለሉ ላይ ወዳለ ኩባያ ትቀዳለች። ውሃውንም ከቧንቧው በኩባያ እያመላለሰች ነው ግማሽ ድረስ የሞላችው። እኔን ስታይ ደነገጠች፣ ውሃው ጭኗ ላይ ፈሰሰ። አልጮኸችም። ያልጮኸችው ስለለመደችው እንደሆነ የገባኝ ቀሚሷን ገለጥ ሳደርግ ነው። አዲሱ ቃጠሎ ቀይ ነው፤ ከሥሩ የጠቆረ አለ፣ ከዚያ በታች የተላጠና የዳነ አለ።

ለምን አልነገርሽኝም አልኩ። እንደ ተቆጣ ሰው ነበር የጠየቅኋት፣ ሌላ አጠያየቅ አላውቅም።

"ሰው ሁሉ ሲያደንቀው ደስ ብሎህ ነበር" አለች። "ምን ልበል?"

ብረቱን በማግስቱ አውጥቼ ጣልኩት። ቅዳሜ ሲደርስ ካፖርቷን እኔው አለበስኳትና በአውቶቡስ ሄድን። ነጩ ፕላስቲክ አሁንም ይሸጣል። አውርጄ ሰጠኋት። በግራዋ ያዘችው፣ ቀኟን ከሥሩ ደገፍ አደረገች፣ ከፍ አደረገችው። ልትስቅ ስትል ጣቶቿ ተከፈቱና ወደቀ። ባዶ ነበር። አንስቼ መልሼ ሰጠኋት፣ መልሶ ወደቀ። ያን ብረት ለብቻው ሲጎትት የከረመው ግራ እጇም ከድቷት ኖሯል። እሷ ታውቅ ነበር መሰለኝ፤ እኔ ነኝ ገና እዚያ ያወቅኩት።

"ያን ቅዳሜ ቢሆን እይዘው ነበር" አለችኝ። ልትወቅሰኝ አይደለም። ዛሬ ደመና ነው እንደሚል ሰው ነው ያለችው። ሻጩ ይጠቀለል ወይ ብሎ ጠየቀን። አይጠቀለል አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሻዩን ጠዋት እኔ አፈላለሁ። በሁለት ኩባያ ቀድቼ፣ ሰሃን ከድኜበት፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ትቼላት እወጣለሁ። አንዱን ወዲያው ትጠጣዋለች፣ ሌላውን ረፋድ ላይ፣ በሁለት መዳፏ አጣብቃ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቤት ደረስ ብዬ ኩባያውን ከእጇ ተቀብዬ ቀመስኩት። በረዶ ሆኗል። ልጣደው አልኳት።

"ተወው፣ ለብ ያለ ነው የምወደው" አለች።

ሃያ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ። ከንፈር የሚልጥ ካልሆነ ሻይ አፏ አስገብታ አታውቅም።