አጎቴን በአስተርጓሚ

ባሕር ማዶ ያለው ፕሮፌሰሬ በመጀመሪያው ደብዳቤው አንድ ነገር አጥብቆ አዘዘኝ፤ ገበሬዎች በሚመልሱት እያንዳንዱ መጠይቅ ላይ የመላሹ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይኑርበት። ምክንያቱንም አልደበቀኝም። ከእኔ በፊት ከአንድ «በማደግ ላይ ካለ አገር» የመጣ ተማሪ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የገበሬዎቹን መልስ ሁሉ ብቻውን ሞልቶ አቅርቦ ነበር። እኔም ከእንዲህ ያለ አገር የመጣሁ ስለሆንኩ፣ እንዳልዋሽ በአሻራ መታሰር ነበረብኝ። ደብዳቤውን ነቀምቴ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ሳነበው ደሜ ፈላ። ደሜ እየፈላም ወጥቼ የአሻራ ቀለም ገዛሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እኔም የልማት ኢኮኖሚክስ ዶክትሬቴን እየሠራሁ ነበር። የክፍል ትምህርቱን ውጭ አገር ጨርሼ፣ የመሬት ይዞታ በገበሬው ኑሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ ላጠና ለአንድ ዓመት ወደ ወለጋ ተመለስኩ። ይህን ለማወቅ ውቅያኖስ መሻገር ያስፈልግ እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያደግሁት ከነቀምቴ በስተምዕራብ፣ ዲጋ አጠገብ፣ ገበሬ ቤት ነው።

ያሳደጉኝ የእናቴ ወንድም ናቸው። በኦሮምኛ የእናት ወንድም «ኤሱማ» ይባላል፤ እኔም በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። የራሳቸው ልጆች እያሏቸው እኔን መርጠው ነቀምቴ ተማሪ ቤት የላኩኝ ስለሚወዱኝ ብቻ አልነበረም። በወጣትነታቸው የድንበር ክርክር ገጥሟቸው ችሎት ቆመው ነበር። እሳቸው በኦሮምኛ ይናገራሉ፣ አስተርጓሚው ለዳኛው በአማርኛ ያቀርባል፤ በመካከሉ የቃላቸው ግማሽ ጠፋ። ዳኛው ገበያ ወጥቶ በግ ሲገዛ በኦሮምኛ የሚከራከር ሰው ነበር። ችሎት ላይ ሲቀመጥ ግን በአማርኛ ካልሆነ አይሰማም። ኤሱማ በዚያ ቀን የእርሻቸውን አንድ ጎን አጡ። በሬ ሸጠው ተማሪ ቤት ሲያስገቡኝ እንዲህ አሉኝ፦

«አማርኛውን ተማርልኝ። ከእንግዲህ በእኔ አፍ ባዕድ ሰው አይናገርም።»

ተማርኩላቸው። ግቢ ውስጥ ኦሮምኛ ስናወራ በተያዝን ቀን ጠጠር ላይ እየተንበረከክን ተማርኩት። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ተማርኩት፤ ከየት እንደመጣሁ አንደበቴ እንዳያሳብቅብኝ አድርጌ።

የጥናት ፈቃድ የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ጥያቄው በአማርኛ ይሁን፤ መልሱ በጽሕፈት ቤቱ አስተርጓሚ በኩል ይምጣ፤ ከእያንዳንዱ መጠይቅ የካርቦን ቅጂው ለጽሕፈት ቤቱ ይቅር። ጊዜው ተማሪዎች ስለ መሬት አደባባይ ወጥተው የሚጮኹበት ነበር። ኃላፊው ኮትና ከረባቴን ካየ በኋላ፣ «ለመሆኑ ኦሮምኛ ትችላለህ?» አለኝ። የጥያቄው ጣጣ ወዲያው ገባኝ። የተማረ፣ ስለ መሬት የሚጠይቅ፣ በዚያ ላይ ከገበሬው ጋር በቋንቋው የሚንሾካሾክ ሰው ፈቃድ አያገኝም።

«አልችልም፣ ጌታዬ» አልኩት።

ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አስተርጓሚው የሚለውን መጠይቁ ላይ እጽፋለሁ፣ ገበሬው በእውነት ያለውን ደግሞ በግል ደብተሬ እይዛለሁ ብዬ አሰብኩ። በመጠይቁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ፕሮፌሰሬ ከላከልኝ ናሙና የተገለበጠች፣ «ጠያቂው የመላሹን ቋንቋ ያውቃል?» የምትል መስመር ነበረች። በሁሉም ላይ «አያውቅም» ብዬ ፈረምኩ።

መላሾቹ የሚመረጡት በዕጣ ነው። ከገበሬዎቹ ዝርዝር ላይ ስሞቹን በወረቀት ቆራርጬ ባርኔጣዬ ውስጥ ጨመርኩና ሳወጣ፣ የኤሱማ ስም ወጣ። ዕጣ የወጣለትን ሰው መቀየር አይፈቀድም፤ የሙያው ደንብ ነው። ደንቡን ሰበብ አደረግሁት እንጂ መላ አጥቼለት አልነበረም። ቢያንስ አስቀድሜ ሄጄ ልነግራቸው እችል ነበር። ነቀምቴ ከገባሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነበር፤ ዲጋ በአውቶቡስ ቅርብ ነው። አልሄድኩም። አንድ ሰው መንገድ ላይ በኦሮምኛ ጮኾ ሲጠራኝ ውሸቴ እንዳይገለጥ ፈራሁ። ሳምንት እሄዳለሁ፣ ለሳምንት እሄዳለሁ እያልኩ፣ የሄድኩት በመጨረሻ ከአስተርጓሚው ጋር ነው።

በራቸው ላይ ቆመው አገኘናቸው። አስተርጓሚው ከፊት፣ እኔ ወረቀቴን ታቅፌ ከኋላ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«አከም ጅርታ፣ ኢልመ ኮ!» አሉኝ። እንዴት ነህ ልጄ ማለታቸው ነው።

አፌ ድረስ የመጣውን መልስ ዋጥኩት። ሽማግሌ ሁሉ ወጣቱን ልጄ ስለሚል አስተርጓሚው ምንም አልጠረጠረም። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ልጄ እንዴት ነህ ይላል» አለኝ።

«ደኅና ነኝ በልልኝ» አልኩ።

ኤሱማ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሱን አዩ። ነገሩ በትክክል አልገባቸው ይሆናል፤ የሆነ ነገር እንደፈራሁ ግን ገባቸው። አላጋለጡኝም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «ጎፍታ» አሉኝ፤ ጌታው እንደማለት ነው። መጠይቁ ደግሞ ገበሬውን ሁሉ አንተ እያለ የተጻፈ ነበር። እኔም ዓይናቸውን ቀና ብዬ ለማየት እያፈርኩ ያደግሁባቸውን ሰው፣ «ስንት በሬ አለህ? ስንት ልጅ ሞተብህ?» እያልኩ ጠየቅኋቸው። ይህን ለመረዳት የሚበቃ የገበያ አማርኛ ነበራቸው። ሰምተው እንዳልሰማ ሆነው ትርጉሙን ጠበቁ።

ወደ መሬቱ ስንደርስ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ለፍቲ ኩን ከን አባ ኮቲ» አሉ፤ ይህ መሬት የአባቴ ነው። ነቀምቴ ለሚኖር፣ አባቱ የአካባቢው ሹም ለነበረ አንድ ሰው በየመስቀሉ አንድ ማሰሮ ማር እንደሚወስዱለት፣ ይህም አባቱን ለማክበር እንጂ ለመሬቱ እንዳልሆነ ረጋ ብለው አስረዱ። ረጅም ንግግር ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች፣ አስተርጓሚውም ርቦታል።

«ነቀምቴ ላለው ጌታ በየዓመቱ ማር እገብራለሁ ይላል» አለኝ።

ማር የሚወሰድለት ሰው በገንዘብ ገዝቶት ነው ወይስ ምሳው ናፍቆት ነው እንዲህ ያሳጠረው? እስከ ዛሬ አላውቅም። መጠይቁ ላይ ያሉት ሁለት ሳጥኖች ብቻ ነበሩ፤ ባለርስት ወይም ጭሰኛ። ለክብር የሚሰጥ ማር የሚገባበት ሳጥን አልሠራሁም። «ጭሰኛ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። እውነቱን በኋላ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ አልኩ፤ ጽፌያለሁም። ከዚያ የኤሱማን አውራ ጣት ይዤ ቀለሙን አስነካሁና በሁለቱም ቅጂ ላይ ጫንኩት። ጣታቸው ደረቅና ጠንካራ ነበር። «ይኼ ምን ያደርግለታል በለው» አሉት አስተርጓሚውን።

«ለትምህርት ነው» አልኩ። ይቺ እንኳን እውነት ነበረች።

ክረምቱ አልፎ ሻንጣዬን ላዘጋጅ ስል፣ ክፍሏን ያከራየኝ የጉራጌ ነጋዴ ሱቁ በር ላይ አስቆመኝ። የዲጋን ገበያ የማያጣ ሰው ስለነበር ወሬ አያመልጠውም።

«አጎትህ ነገ ችሎት አለባቸው። ያ ማር የሚወስዱለት ሰውዬ፣ ጭሰኛዬ ነህ ከመሬቴ ውጣ ብሎ ከሷቸዋል» አለኝ።

አጎት እንዳለኝ ለማንም አልነገርኩም ነበር። መደንገጤን አይቶ ሳቀብኝ።

«እንዴ! ገበያው ሁሉ ያውቃል እኮ። የማያውቁት ቢሮ ያሉት ብቻ ናቸው።»

በማግስቱ ደብተሬን ኪሴ ከትቼ ችሎት ገባሁ። የከሳሹ ጠበቃ አንድ የተያያዘ ወረቀት አውጥቶ ለዳኛው ሰጠ። ሰማያዊ የካርቦን ጽሑፍ፣ ከግርጌው አሻራ። የእጅ ጽሑፌን ከሩቅ አወቅሁት። ከጽሕፈት ቤቱ እንዴት እንደወጣ ማንም አልጠየቀም። ዳኛው አሻራው የማን እንደሆነ ጠየቀ። ኤሱማ በኦሮምኛ፣ «የእኔ ነው፤ ያደረግሁት ግን ለእህቴ ልጅ ትምህርት ብዬ ነው» አሉ። የቆመው ያው አስተርጓሚ ነበር።

«አሻራው የእኔ ነው ይላል» አለ።

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሽማግሌው የተናገሩት ግን ሌላ እንደነበር፣ ያሉትንም በደብተሬ እንደያዝኩ ተናገርኩ። ዳኛው የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ አነበበ።

«ጠያቂው ቋንቋውን አያውቅም ይላል። ፊርማው ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ በማታውቀው ቋንቋ የተባለውን እንዴት ሰማህ? ወይስ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ዋሽተህ ነው የፈረምከው?»

ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነበር። «አዎ፣ ዋሽቻለሁ» ከማለት ሌላ ምንም አይጠበቅብኝም። እንዲህ ካልኩ ግን ፈቃዱ ይሰረዛል፣ መጠይቆቹ ሁሉ ውድቅ ይሆናሉ፣ ዶክትሬቱም አብሯቸው ይሄዳል። ኤሱማ አንገታቸውን አዙረው ያዩኝ ነበር። በሬያቸውን የሸጡት ለዚህች ደቂቃ ነበር።

ዳኛው ጠበቀኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ረዘም አድርጎ ጠበቀኝ። ከዚያ «ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥኩ።

ዶክትሬቱን አግኝቻለሁ። የጥናቱን ዘዴ የገለጽኩበትን ምዕራፍ ፕሮፌሰሬ ለጥንቃቄው አመስግኖታል። ኤሱማ ከመሬቱ ወጥተው ልጃቸው ቤት ተጠግተው ሞቱ። በእኔ ሠንጠረዥ ውስጥ ግን ዛሬም ከጭሰኞቹ ጋር ተደምረው ይገኛሉ። ይህን ለመጻፍ ያን ቀን ችሎት የነበሩት ሁሉ እስኪያልፉ ድረስ ቆይቻለሁ፤ ፈሪነቴ አልለቀቀኝም።

ያን ቀን ከችሎት ስንወጣ ደጃፉ ላይ ተገናኘን። እግራቸው ላይ ልወድቅ አስቤ ነበር። እሳቸው ግን ወደ እኔ አላዩም። አጠገባቸው ወደቆመው አስተርጓሚ ዞረው፣ ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ፣ «ጎፍታው ሩቅ አገር ሊሄድ ነው አሉ። ዋቅኒ ነጋን ሃ ገልቹ በልልኝ» አሉት።

አስተርጓሚው በዚህ ጊዜ ምንም ሳያጎድል ተረጎመ።

«ሩቅ አገር ልትሄድ ነው አሉ፣ እግዚአብሔር በሰላም ያግባህ ይላል» አለኝ።

«አሜን በልልኝ» አልኩት።