በላባ የተጻፈ ሐሜት

መሪጌታ ሙላው ጎጃም ውስጥ ቁም ጽሕፈት ተምረው፣ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ዳዊት የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ሮም ከገቡ ወዲህ ግን ያ እጃቸው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሬስቶራንት ድስት ሲፈትግ ኖሯል። መጀመሪያ ቪያ ኩርታቶኔ፣ ስደተኛ በያዘው ሕንፃ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ፖሊስ ሁሉንም ካስወጣ በኋላ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አካባቢ ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ተጋሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጤናዬ ባሕር ዳር ቀርተዋል።

ሁለተኛውን ሥራ ያገኙት በጢማቸው ነው። የአንድ የድሮ ባላባት ቤት በነበረ ፓላሶ ውስጥ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ሮም ስለነበሩ ሊቃውንት ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነበር። ጳጳሱም፣ ኮከብ ተመራማሪውም፣ አታሚውም በሥዕል ተሰቅለዋል። ለአባ ተስፋ ጽዮን ግን፣ በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ መጥተው እዚሁ ሮም ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ላሳተሙት መነኩሴ፣ አዘጋጇ ዶቶሬሳ ፍላሚኒያ ሥዕል አላማራትም። የሚተነፍስ ሰው ፈለገች። የሐበሻ ቡና ቤቶችን እየዞረች ፊት ስታይ ዋለችና መሪጌታ ጢም ላይ ስትደርስ ቆመች። መጻፍ ይችሉ እንደሆነ አልጠየቀችም።

ቡናማ ካባና የገመድ መታጠቂያ ሰጠቻቸው። ይህ የካቶሊኮቹ የፍራንቸስካውያን መነኮሳት ልብስ ነው አሏት፤ ማን ያውቃል አለች። የዝይ ላባ ሰጠቻቸው። የእኛ ጸሐፊ በመቃ ነው የሚጽፈው አሉ፤ ተመልካቹ የሚጠብቀው ላባ ነው አለች። በመጨረሻ ጣሊያንኛ መናገር ክልክል መሆኑን ነገረቻቸው። አባ ተስፋ ጽዮን እኮ ጣሊያንኛም ላቲንም የሚያውቁ፣ የሮምን ምሁራን ያስተማሩ ሰው ነበሩ ብለው አስረዱ። ምስጢሩን ያበላሸዋል አለቻቸው። መሪጌታ “ቫ ቤኔ”፣ እሺ እንደ ማለት፣ ብለው ተቀመጡ።

ሁለት ሳምንት ዳዊት ጻፉ። ገጾቹ መውጫው ላይ ካለው ሱቅ ይሸጡ ነበር። ተመልካቹ ፊታቸው ቆሞ እንደ ልቡ ያወራል፤ መቼስ ወንበር አይሰማም። አንዱ ጢሙ የተለጠፈ መሆኑን ለሚስቱ ያረጋግጣል። አንድ አስተማሪ ተማሪዎቹን ሰብስቦ እኚህ ሰው ግብፃዊ ናቸው ብሎ ያስተምራል። አንዲት ወጣት ደግሞ ምንም የማያስፈልገው ሰው ፊት እንዲህ ያበራል ብላ ፎቶ ታነሳለች። ያን ቀን መሪጌታ ምሳ አልበሉም ነበር።

አንድ ሐሙስ አረንጓዴ ኮት የለበሱ አንዲት ሲኞራ መጡ። ረጅም ጊዜ አዩዋቸውና ወደ ጓደኛቸው ዞረው፣ እነዚህ ሰዎች ድሮ የሚመጡት ለጸሎት ነበር፤ የአሁኖቹ የሚመጡት ለመኝታ ነው አሉ።

መሪጌታ የጀመሩትን መዝሙር እኩሌታው ላይ ተዉት። አዲስ ገጽ አውጥተው በቀይ ቀለም “ኅዳር አምስት ቀን” ብለው ጀመሩና የሴትዮዋን ቃል ከነኮታቸው በአማርኛ አሰፈሩት። እጃቸው እንደዚያ ቀን አምሮ ጽፎ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ዳዊት ቀረ፤ የሰሙትን ብቻ ይጽፉ ጀመር። ሱቁም ከድሮው የበለጠ ሸጠ።

ነገሩን የደረሰችበት አብረኸት ናት። አብረኸት ትኬት የምትቆርጥ፣ ሱቁንም የምታግዝ፣ አሥመራ በአማርኛ የተማረች ኤርትራዊት ናት። አንድ ቀን ለአንድ ጠበቃ ገጽ ስትጠቀልል ዓይኗ ፊደሉ ላይ አረፈ። ጠበቃው ባለፈው ሳምንት ስለ ገዛ ሚስቱ ለጓደኛው ያወራው ነበር የተጻፈው። ጠቅልላ ሰጠችውና ወደ መሪጌታ ሄደች።

“መሪጌታ፣ እንዲህ እየጻፉ አይፈሩም?”

“የሚያነበው አይገዛም፤ የሚገዛው አያነብም” አሏት።

በመዝጊያው ዕለት ዶቶሬሳ እንግዶች ጠራች። ለራሷ ያስቀረችው አንድ ገጽ ነበር፤ ቀዩ ቀለም ስላማራት የሐሙሱን ገጽ ሳትሸጥ ደብቃው ኖሯል። መሪጌታ በዜማ እንዲያነቡት፣ አብረኸት ደግሞ እንድትተረጉም አዘዘች። የኤግዚቢሽኑ ደጋፊ የሆኑት ሲኞራ አረንጓዴ ኮታቸውን ለብሰው ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። አብረኸት ገጹን አይታ ወደ መሪጌታ ጠጋ አለች።

“ምን ልበል?” አለች በሹክሹክታ።

“የተጻፈውን።”

መሪጌታ አማርኛውን በግዕዝ ዜማ አወረዱት። አብረኸት ቃል በቃል ተረጎመች፤ ስለ ጸሎቱም፣ ስለ መኝታውም፣ ስለ ኮቱም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሲኞራዋ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

“የዚያ ዘመን ሰው እንዴት ጨካኝ ነበር” አሉ።

መሪጌታ ላባውን አስቀመጡ። ሬስቶራንት ጓዳ በተማሩት የሮማ ሰፈር ጣሊያንኛ ተናገሩ።

“ሲኞራ፣ ዘመኑ ሐሙስ ነበር። ይህንኑ ኮት ለብሰው ነበር።”

ሴትዮዋ ኮታቸውን ቁልቁል አዩ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌሎቹ ወይኑ ወዳለበት ጠረጴዛ ማምራት ጀመሩ። ዶቶሬሳ መሪጌታን ኮሪደር ላይ ጠርታ ክፉኛ ወቀሰቻቸው። የወቀሰቻቸው ሲኞራን አዋረዱ ብላ አይደለም፤ ጣሊያንኛ ተናገሩ ብላ ነው። ኤግዚቢሽኑ ወደ ሚላኖ ሲሄድ በእሳቸው ቦታ አሻንጉሊት ተጫነ። አብረኸትን ማንም አልነካትም፤ ትርጉሟ ትክክል ነበርና።

መሪጌታ አልተቆጩም። የቸገራቸው ሌላ ነገር ነው። ፔርሜሶ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ የሥራ ማስረጃ ሲጠይቁ ዶቶሬሳ “በመነኩሴነት አገልግለዋል” የሚል ደብዳቤ ማኅተም አድርጋ ሰጠቻቸው። ስጣዚዮኔ፣ ባቡር ጣቢያው፣ አጠገብ ፎርም የሚሞላላቸው ሰውዬ ደብዳቤውን አየና ጣሊያን አገር የኖሩበትን ምክንያት “ለሃይማኖት አገልግሎት” ብሎ ሞላው። ያወቁት ማመልከቻው ከገባ በኋላ ነው።

ማታ ለወይዘሮ ጤናዬ ደውለው ነገሩን ከሥሩ አወጉላቸው።

“እኔ ሳልፈቅድ እንዴት ሊመነኩሱ ቻሉ?” አሉ ወይዘሮዋ።

ስህተቱን ለማረም ቀጠሮ ጠየቁ፤ ከሦስት ወር በኋላ ይምጡ ተባሉ። በማግሥቱ ጠዋት ሽርጣቸውን አሥረው ወደ ድስቱ ተመለሱ።